ከመርዶ በፊት ይበላል

ሉልሰገድ ከሞተ አርባ ቀን ሊሞላው አንድ ቀን ቀርቶታል፤ እስካሁን ግን መሞቱን ማንም አልነገረውም።

ሰዉ ሳይሞክር ቀርቶ አይደለም። ቪየና የሚኖሩት ያገሩ ልጆች ሦስት ጊዜ ሊቀብሩት ቄስ ጠርተው፣ ሳጥን አዘጋጅተው ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ሉልሰገድ ራሱ ጥቁር ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን ወልውሎ መጣና ከኋላ ቆመ። "ማን ነው የሞተው?" ብሎ አጠገቡ ያለውን ጠየቀ። ሰዉ መሬት መሬት አየ። "ነፍስ ይማር። ደግ ሰው ሳይሆን አይቀርም፣ ለቀስተኛው ብዙ ነው" አለና ምሳ ሰዓት እንዳያልፍበት ሹልክ ብሎ ሄደ። እሱ ሲሄድ ሳጥኑ ቀለለ። ባዶ ሳጥን ደግሞ የትም አገር አይቀበርም፤ ተሸካሚዎቹ መልሰው አስቀመጡት።

ታዲያ ለምን እዚያው አይነግሩትም? እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ካለ አስተዳደጉ ያጠራጥራል። መርዶ እንደ ባቡር ሰዓት በአደባባይ አይለፈፍም። መርዶ ጎህ ሲቀድ ነው፤ ሽማግሌ ይዞ ነው፤ የሚደግፈው ወዳጅ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ነው። ከሁሉ በፊት ደግሞ ሰውየው መብላት አለበት። በባዶ ሆዱ መርዶ የሰማ ሰው እንባው እንኳን በወጉ አይወርድለትም። ለዘመድ ሞት እንዲህ ከሆነ፣ ለራሱ ሞትማ ምን ያህል መብላት እንዳለበት አስቡት እንግዲህ።

ይሄ ሥራ ለማንደፍሮ ተሰጠ።

ማንደፍሮ የድሬዳዋ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ላይ ትኬት ሲቆርጥ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። ሆዱ ትልቅ፣ ሳቁ ትልቅ፣ እግሩ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ትልቅ ነው። ከሉልሰገድ ጋር አንድ ሰፈር አድገዋል፤ ሉልሰገድ ቪየና ሄዶ ልብስ ሰፊ ከሆነ በኋላም በስልክ ሲሰዳደቡ ነው የኖሩት። "ናና ላብላህ" ይለዋል ሉልሰገድ በየዓመቱ። "እመጣለሁ" ይላል ማንደፍሮ በየዓመቱ።

የድሬዳዋው የእድር ሊቀመንበር ጋሽ መሸሻ ጉዳዩን የነገረው በሌሊት መጥቶ ነው። ማንደፍሮ እራቱን ከበላ በኋላ ደረቱን ትንሽ ወጋ አድርጎት ጋደም ብሎ ነበር። ጋሽ መሸሻ ራስጌው ቆመ።

"ሉልሰገድ ገና አልተረዳም" አለ። "አርባው ካለፈ ቢነግሩትም አይሰማም። እዚያው ፈረንጅ አገር ከምግብ ቤት ምግብ ቤት ሲዞር፣ ሳይጠግብ፣ ሳይተኛ ይቀራል።"

ማንደፍሮ "ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?" ሊል አፉን ከመክፈቱ፣ ጋሽ መሸሻ "ከእንግዲህ ካንተ የበለጠ የሚቀርበው የለም" ብሎ ጨረሰው። ከዚያ ብርድ እንዳይመታው ይመስላል ጋቢውን እስከ ፊቱ ድረስ ሳበለትና ወጣ። ድሬዳዋ ብርድ የለም።

በነጋታው ማንደፍሮ ሊሄድ ሲወጣ የገዛ በሩ ላይ የእድሩ ድንኳን ተተክሏል። ሉልሰገድ እዚህ ቤት ስለሌለው የኔን በር መረጡለት ብሎ ሰፈሩን በልቡ አመሰገነ። ሚስቱ ዝማም ጥቁር ለብሳ፣ ድምጿ እስኪዘጋ ታለቅሳለች።

"አንቺ ሴትዮ፣ ሉልሰገድን፣ ይሄን እግረ ድመት፣ ይሄን ያህል ትወጂው ነበር እንዴ?" አላት ባጠገቧ ሲያልፍ። ቀልዱን ነው። አልሳቀችም። ቀና ብላም አላየችው። ሲመለስ ሊያኮርፋት ወስኖ መንገዱን ያዘ።

አውሮፕላኑ ላይ ምን እንደበላ አያስታውስም። ማንደፍሮ ደግሞ የበላውን የሚረሳ ሰው አልነበረም።

ሉልሰገድ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ቆሞ ጠበቀው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ኮቱ እላዩ ላይ የተሰፋ የሚመስል ሰው ነው። እግሩ ግን የሕፃን ነው። ልጅ ሆነው ኳስ ሲጫወቱ "እግረ ድመት" ይሉት ነበር፤ ትልቅ ሰው ሆኖም ጫማ የሚገዛው ከልጆች መደብር ነው እየተባለ ይታማል። ሐሜት አይደለም፣ እውነት ነው።

"ሆድህ ካንተ ቀድሞ ወጣ እኮ! ለእሱም ቪዛ አስመትተህ ነው?" አለ ሉልሰገድ።

"አንተ ደግሞ እግርህ እስካሁን አላደገም? ፈረንጅ አገር ለሁሉ ነገር መድኃኒት አለ ሲሉ ሰምቼ።"

ተቃቀፉ። ሉልሰገድ እንደ ውሃ ጉድጓድ ግድግዳ ይቀዘቅዛል። ማንደፍሮ ጠብቆት ስለነበር አልደነገጠም። እንዲያውም የሉልሰገድ ፊት ነው ያኔ ልውጥ ያለው። "ምነው?" አለው። "ምንም። ናፍቀኸኝ ነው" አለ ሉልሰገድ።

"እንደምመጣ ማን ነገረህ?"

"ተደወለልኝ።"

"ማን ደወለልህ?"

"ሰዎች ናቸዋ። ቁርስ በልተሃል?"

"አልበላሁም። አንተስ?"

"እኔም አልበላሁም።"

ሁለቱም በዚህ ደስ ያላቸው መሰሉ።

ውጭው ክረምት ነው። መንገደኛው ሁሉ ሲያወራ ከአፉ ነጭ ጭስ ይወጣል። ከሉልሰገድ አፍ አይወጣም። ማንደፍሮ ይሄን ሲያይ ሆዱ ባባ። ነገሩን ለማስረሳት ብሎ እሱም እፍ፣ እፍ ብሎ ሞከረ፤ ምንም አልወጣም። የቆላ ሰው ትንፋሽ ብርዱን እስኪለምድ ጊዜ ሳይፈልግ አይቀርም አለና ተወው።

ከተማው ውስጥ የገቡት በመንገድ ላይ ባቡር ነው። ቀይና ነጭ ነው፤ ማንደፍሮ ወጣት ሆኖ የሠራባትን ሊትሪና የምትባል ባቡር ይመስላል፤ ግን ላብ የለ፣ ጫት የለ፣ ፍየል የለ፣ ዝም ብሎ ይሄዳል። ተቆጣጣሪ ገባና ትኬት መጠየቅ ጀመረ። ከፊታቸው ያለውን ጠየቀ፣ ከኋላቸው ያለውን ጠየቀ፣ እነሱን አልፏቸው ሄደ።

ማንደፍሮ ሥራ ሲበላሽ ማየት አይችልም። "እንዴ! እኔ ብሆን እንኳን ቋሚውን፣ ሙቱንም ትኬትህን አምጣ ነበር የምለው!" አለ ጮክ ብሎ። ወዲያው ምላሱን ነከሰ።

ሉልሰገድ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል። "ምን አልክ?"

"ምንም። ስለ ሥራ ነው።"

"እህ" አለ ሉልሰገድ። መስኮቱን ማየት አልተወም። መስታወቱ ላይ ከበስተኋላቸው የተቀመጠችው ልጅና ቀይ ሻርፗ በግልጽ ይታያሉ። ሌላ የሚታይ ሰው አልነበረም።

መሃል ከተማ ወርደው ትልቁን ካቴድራል አዩ። ጣሪያው እንደ ሐረር ሰፌድ በቀለም በቀለም የተሰፋ ነው። ማንደፍሮ የካቶሊኮች ቢሆንም ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ነው ብሎ በሩን ተሳለመ። ድንጋዩ አልቀዘቀዘውም። ሉልሰገድ ኮፍያውን አውልቆ ጠበቀውና "በል ቶሎ በል፣ ምሳ እንዳያመልጠን። ዛሬ በደንብ መብላት አለብህ" አለው።

"አንተ ነህ መብላት ያለብህ።"

"እንግዳው ማን ነው?"

"የከሳው ማን ነው?"

እንዲህ እየተባባሉ ምግብ ቤቱ ደረሱ። አሮጌ ቤት ነው፤ ግድግዳው በእንጨት የተለበጠ፣ መብራቱ ቢጫ፣ አስተናጋጁ ጥቁር ኮትና ቢራቢሮ ከረባት ያደረገ፣ ሰው የሞተበት የሚመስል ሽማግሌ። የዚያ አገር አስተናጋጅ ሕያውንም ቢሆን በግድ ነው የሚያየው። እነሱን ግን ቀጥ ብሎ አያቸው። መጀመሪያ ሉልሰገድን፣ ቀጥሎ ማንደፍሮን።

"ሁለታችሁም?" አለ በጀርመንኛ።

"ሁለታችንም" አለ ሉልሰገድ ቶሎ ብሎ።

ከኮት መስቀያው ጀርባ ወዳለው ጥግ ወሰዳቸው። እዚያ ያሉት ጠረጴዛዎች አንዳንድ ሰው ብቻ ነው የተቀመጠባቸው። ማንም አያወራም። ከጎናቸው የጸጉር ካባ የለበሰች አሮጊት ባዶ ሳህን ፊት ተቀምጣለች። ሳህኑ ላይ አቧራ አለ። ሹካዋን በስተቀኝ፣ ቢላዋዋን በስተግራ አድርጋ በሩን ታያለች።

ምግቡ መጣ። ስስ ሥጋ ነው፤ በዳቦ ፍርፋሪ ተለውሶ ተጠብሶ ከሳህኑ ዙሪያ ተርፎ ተንጠልጥሏል።

"ይሄማ ኮቶሌት ነው!" አለ ማንደፍሮ። "ይሄን ልታበላኝ ነው ስንት አገር አቋርጬ የመጣሁት? ድሬ፣ ጣቢያው ፊት ለፊት አልነበረም እንዴ?"

"ሽኒትዝል ነው የሚባለው፣ አንተ ያልሠለጠንክ።"

"ስሙን ቢቀይሩት ሥጋው አያውቅም።"

ማንደፍሮ ሊቆርስ እጁን ዘረጋና አሮጊቷን አየ። ሰው እያየው ዝም ብሎ መብላት አልለመደበትም። ሳህኑን ወደ እሷ ገፋ አድርጎ "እማማ፣ እንብላ!" አላት።

አሮጊቷ ዞረች። ቀስ ብላ ነው የዞረችው፣ ብዙ ጊዜ ዞራ እንደማታውቅ። ለሉልሰገድ አንድ ነገር ተናገረች።

"ምን አለች?"

"ምን ልትነግሩኝ ነው? ነው የምትለው።"

"ምንም! እንብላ ነው ያልኳት። በላት።"

ሉልሰገድ ነገራት። አሮጊቷ ራሷን ነቅንቃ ወደ በሩ ተመለሰች።

"ባሏን ቀጥራ ነው" አለ ሉልሰገድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ከጦርነቱ ጊዜ ጀምሮ እዚያው ነች። እሷም መሞቷን አታውቅም፣ ባሏም እንደማይመጣ አታውቅም። እዚህ አገር መርዶ የሚባል ነገር የለም፤ ወረቀት ነው የሚልኩት። እሷ ደግሞ ቤቷ የለችም።" ቢላዋውን አስቀመጠ። "ያሳዝናል። እንዴት ሰው ሳይነገረው ይቀራል?"

ይሄን ብሎ ማንደፍሮን ትክ ብሎ አየው። ማንደፍሮ ዓይኑን ሰበረ። አውቆብኛል ብሎ ፈራ። ለመሸፋፈን ትልቅ ቁራሽ ቆርሶ፣ ሎሚውን ጨምቆ፣ በእጁ ጠቅልሎ አነሣ።

"በል አፍህን ክፈት።"

"ኧረ ተው፣ ሰው ያየናል።"

"ማን ነው የሚያየን? በሞቴ!"

"አንተ ቅደም፣ እኔ ልሙት!"

ሁለቱም መሐላው ካፋቸው እንደወጣ ወደ ሳህኑ አቀረቀሩ። ከዚያ ሉልሰገድ ጎረሰ። አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ማንደፍሮ ሁለተኛውን ደገመው። ሉልሰገድም ተራውን ቆርሶ አንድ አጎረሰው፣ ሁለት አጎረሰው። ማንደፍሮ አላመጠ፣ ዋጠ። ጣዕሙ የት እንደሄደ አላወቀም። ርሃቡም ከጧቱ ንቅንቅ አላለም። ዝም ብሎ "ይጣፍጣል" አለ፤ የተጋበዘ ሰው ሌላ ምን ይላል?

ከጠረጴዛው ሥር ግን ሉልሰገድ ረገጠው።

"እግርህን ሰብስብ እንጂ፣ ቦታ አነሰህ?"

"ያንተ ታንኳ እግር ነው ቦታውን የያዘው" አለ ሉልሰገድ። ሳቁ ልክ አይመስልም።

ማንደፍሮ ረገጣውን ሊመልስ ጎንበስ ብሎ አየ። ከሉልሰገድ ወንበር ሥር ሁለቱ ጉርሻ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። አልተበተነም፣ አልታኘከም፤ እሱ በእጁ እንደጠቀለለው ሎሚውን እንዳዘለ ነው። የሞተ ሰው እህል አይቀመጥለትም ማለት ነው። ማንደፍሮ ቀና አለ። ሉልሰገድ አፉን በጨርቅ እየጠረገ ነው። ደስ ብሎታል።

ይሄን ቢያይ መሞቱን በምን ወግ ይረዳል? ሽማግሌ የለ፣ ጎህ አልቀደደ፣ ሰው በተሰበሰበበት! ማንደፍሮ ያንን ትልቅ ጫማውን ቀስ አድርጎ ዘረጋና ጉርሻዎቹን ከለላቸው። ያ የተሰደበ እግር ለመጀመሪያ ጊዜ ለቁም ነገር ዋለ፤ አንድ ፍርፋሪ ሳይታይ ሸፈነው። ከዚያ በኋላ ባጎረሰው ቁጥር ጫማውን ትንሽ ከፍ ያደርጋል፣ መልሶ ያስቀምጣል።

በልተው ሲጨርሱ ሒሳብ ልክፈል፣ አንተ ምን ቆርጦህ እየተባባሉ ተያያዙ። አስተናጋጁ መጥቶ "ለዚህ ጠረጴዛ ሒሳብ የለም" አለና ለያያቸው። ከዚያ ትንሽ መጥረጊያና መሰብሰቢያ አምጥቶ ጎንበስ አለ። ከሉልሰገድ ወንበር ሥር መጥረግ ሲጀምር ማንደፍሮ ጓደኛው እንዳያይ ብሎ ትከሻውን ይዞ ወደ መስኮቱ አዞረው። "ያቺን ፈረስ እያት እስቲ!" አለው። ሉልሰገድም የማንደፍሮን ትከሻ ይዟል። ሁለቱም ፈረሷን እያዩ ቆሙ። መጥረጊያው ከኋላቸው ብዙ ቆየ።

ከሰዓት በኋላ ኬክ ቤት ገቡ። ማንደፍሮ መጸዳጃ ቤት እሄዳለሁ ብሎ ወጣና እትዬ ወሰንየለሽ ጋ ደወለ። እትዬ ወሰንየለሽ የቪየናው እድር እናት ናቸው፤ ሽማግሌዎቹን ይዘው ሊመጡ የተነጋገሩት ከእሳቸው ጋር ነው። ስልኩ መጀመሪያ ተይዞ ነበር። ቆይቶ ገባለት።

"በላ ወይ?" አሉት።

"ይጎርሳል። ግን አይቀመጥለትም፣ እትዬ። ከወንበሩ ሥር ነው የማገኘው።"

"እሱ ምንም አይደል። ቁም ነገሩ ከሰው እጅ መጉረሱ ነው። ሲነጋ ከሁለት ሽማግሌ ጋር ቤቱ እንመጣለን። እስከዚያ አንድ ቃል እንዳይወጣህ።"

"አይወጣኝም።"

"አንተም ደግሞ ብላ።"

"እኔ ምን ሆኜ?"

"ብላ ብያለሁ፣ ልጄ" አሉና ዘጉ።

ሲመለስ ሉልሰገድም ቦታው የለም። ኮት መስቀያው ጋ ቆሞ፣ አፉን በእጁ ከልሎ ስልክ ያወራል። ማንደፍሮን ሲያይ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

"ማን ነው?"

"ደንበኛ ነው። ሱሪ ሊያስጠብብ።"

ቸኮሌት ኬኩን ተጎራረሱ። ሉልሰገድ እንደገና በዚያች ትንሽ ጫማው ሲደነቃቀፍበት ዋለ። ማንደፍሮም አልሰበሰበም፤ የእሱ እግር ሥራ ላይ ነው።

ሊመሽ ሲል ሉልሰገድ የከተማውን ትልቅ መንኮራኩር ካላየህ ቪየናን አየሁ እንዳትል ብሎ ወሰደው። እንደ ባቡር ፉርጎ ያለ ክፍል ተንጠልጥሎበት ወደ ሰማይ ይወጣል። ብቻቸውን ገቡ። ወደ ላይ ሲወጡ ከተማው መብራት በመብራት ሆነ።

"ማንዴ" አለ ሉልሰገድ፤ ሲያቆላምጠው እንዲህ ነው የሚለው። "ሰሞኑን የምበላው አያጠግበኝም። እንቅልፍም የለኝም። ሌሊቱን ሙሉ ከመንገድ መንገድ እዞራለሁ። ሰዉ እያየ አያየኝም። ምን ነክቶኝ ነው?"

ማንደፍሮ ማሰላሰል ያዘ። አሁን ቢነግረው ወዳጁ ያርፋል፤ ግን ሥርዓቱ ይበላሻል። ነገ ከተነገረው ደግሞ ከነገ ወዲያ ሉልሰገድ የሚባል የለም። ዝም ብልስ? አለ በልቡ። ዝም ብል ማን ያውቃል? በየዓመቱ እየመጣሁ አበላዋለሁ፣ እንሰዳደባለን፣ በስልክም ያነሣል። ሽማግሌዎቹን አሳስቼ መመለስ ነው። ከዚያ ወደ ታች አየ። የየምግብ ቤቱ መስኮት በርቷል፤ ከየመስኮቱ ጀርባ አንዳንድ ሰው ባዶ ሳህን ፊት ተቀምጦ በሩን ያያል። ከፍ ባሉ ቁጥር መስኮቱ በዛ። የከተማው ዳር ድረስ ነው።

ወዳጁን እዚያ መሃል አስቀምጦ መሄድ አልሆነለትም።

"ድካም ነው" አለው። "ነገ ይለቅሃል። ነገ ጥሩ እንቅልፍ ትተኛለህ።"

"አንተስ ጠግበሃል?"

"እኔማ! ይሄን ሆድ እያየህ?"

ከጧት ጀምሮ ግን አንጀቱ ታጥፎ ነበር። ሉልሰገድ ፊቱን ወደ መስታወቱ አዞረና በእጅጌው ዓይኑን ጠረገ። ለገዛ ራሱ ሳያውቅ እያለቀሰ ነው አለ ማንደፍሮ፤ ነፍስ ቀድማ ትረዳለች ይባላል።

"አንድ ነገር ልነግርህ ነበር" አለ ሉልሰገድ።

"እኔም።"

"ይደር።"

"ይደር።"

ወረዱ።

ሊነጋ ሲል ሁለቱም በሉልሰገድ ቤት፣ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። አንዳቸውም አልተኙም። ማንደፍሮ ዳቦ ቆርሶ ማር ቀብቶ አጎረሰው። ሉልሰገድም ቆርሶ አጎረሰው። እንደ ትናንቱ መሳደብ የለም። አንዱ ሲያጎርስ ሌላው አፉን ይከፍታል።

"ትዝ ይልሃል" አለ ማንደፍሮ፣ "እናትህ የጎረቤት ልጅ ሁሉ አሰልፈው ሲያጎርሱን ሁለት ጊዜ እየተሰለፍክ?"

"አንተ ነህ እንጂ ሁለት ጊዜ የምትሰለፈው። እኔ እንዳይነቃብህ ከፊትህ እቆም ነበር።"

"በነዚያ እግሮችህ?"

"በነዚህ እግሮቼ።"

በሩ ተንኳኳ።

እትዬ ወሰንየለሽ ከሁለት ሽማግሌ ጋር ገቡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነው የለበሱት። የሽማግሌዎቹ ካፖርት ላይ በረዶ አለ፤ ሲተነፍሱ ከአፋቸው ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ቤት ውስጥም። ሰላምታ ሰጥተው ከጠረጴዛው ማዶ በተርታ ተቀመጡ።

"በላችሁ ወይ?" አሉ እትዬ ወሰንየለሽ።

"በልተናል" አሉ ሁለቱም።

"ደግ አደረጋችሁ።"

ማንደፍሮ ሥራውን ያውቃል። መርዶ የሚነገረው ሰው ራሱን እንዳይጥል የሚይዘው ያስፈልጋል። በግራ እጁ የሉልሰገድን ክንድ ጥብቅ አድርጎ ያዘ። ከጠረጴዛው ሥር ደግሞ ያንን ትልቅ ጫማውን ዘርግቶ የጧቱን ዳቦ ሸፈነ። በዚህች ሰዓት እንኳ አያየውም።

"አይዞህ" አለ በሹክሹክታ።

ያን ጊዜ ክንዱ ላይ እጅ እንዳለ ታወቀው። እንደ ጉድጓድ ግድግዳ የቀዘቀዘ፣ ጥብቅ አድርጎ የያዘ እጅ። መቼ እንደያዘው አላስታወሰም።

"አይዞህ" እያለው ነው ሉልሰገድ። እኩል ነው ያሉት።

ማንደፍሮ ወደ ሽማግሌዎቹ አየ። ሦስቱም የሚያዩት አንድ ሰው አይደለም። ከዚያ አንገቱን አጠፈና ከገዛ ወንበሩ ሥር ተመለከተ።

ዳቦው እዚያ ነው። የጎረሰው ሁሉ፣ ማሩ እንዳለ፣ አንድም ሳይጎድል ተቀምጧል። እላዩ ላይ አንዲት የተወለወለች ትንሽ ጥቁር ጫማ ተዘርግታለች። እስከምትችለው ድረስ ጣቷን ዘርግታ፣ ወደ ጎን ሰፋ ብላ ለመሸፈን ትሞክራለች። አልበቃችም። ዳቦው በግራም በቀኝም ይታያል።

ማንደፍሮ ቀና አላለም። ጫማዋ ትንሽ ወደ ግራ ሄደች፣ በቀኝ በኩል ተጋለጠ። ወደ ቀኝ ተመለሰች፣ በግራ ተጋለጠ።

እትዬ ወሰንየለሽ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። ውጭ የመጀመሪያው ባቡር መብራቱን አብርቶ፣ ባዶውን አለፈ። ሁለቱም እግራቸውን አላነሡም።